የሙእሚን እንግዳ

ግመሏ ቁልቁለቱን ስትጀምር ጭነቱ ወደ ግራ አዘነበለ። አስረሳሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሸረጠች ሮጣ በትከሻዋ ደገፈችው።

«ቀስ በል እንጂ ሙእሚን! ሊወድቅብን ነው እኮ።»

«አይወድቅም» አለ ሙእሚን ዞር ሳይል። «እሷ ድንጋዩን ታውቀዋለች። አንቺ ሰሌኑን ብቻ ያዢልኝ።»

ከሩቅ ለሚያያቸው፣ አንድ የአፋር አባወራ ዳቦይታ ጎጆውን ነቅሎ፣ የቤቱን ቆልማማ እንጨትና ሰሌን በግመል ጭኖ ግጦሽ ፍለጋ የሚጓዝ ነው የሚመስለው። እንጨቱም ሰሌኑም በእርግጥ ተጭኗል። በእንጨቶቹ መሃል ግን፣ በተነጠፈ የፍየል ቆዳ ላይ፣ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቷል። ፊቱና ሁለት እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ቀኝ እግሩ በሁለት የሳጥን ጣውላ መሃል ታስሯል። ከፋሻው ውጭ የሚታየው አፉና አንድ ሰማያዊ ዓይኑ ብቻ ነው።

ዕለቱ ረቡዕ፣ መጋቢት ሃያ አራት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ነበር። ጣሊያን ድሬዳዋን ከለቀቀ አምስተኛ ቀኑ ነው። በአዋሽ ገደል ላይ የነበረውን የባቡር ድልድይ በድማሚት አፍርሶ፣ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ በኩል ባለው አፋፍ ላይ መትረየሱን ጠምዶ ተቀምጧል። የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ሐዲዱን ተከትሎ ከምሥራቅ እየገሰገሰ ነው፤ ግንባር ቀደሙ ዛሬ ወንዙ ዳር ይደርሳል የሚል ወሬ ነበር። ከጦሩ ጋር ሐኪም አይጠፋም። አስረሳሽ ከጎህ ጀምሮ የምታስበው ያንን ሐኪም ነው። በግመሏ ላይ የተኛው ልጅ ቁስል ሽታው ከትናንት ጀምሮ ተለውጧል፤ እሷም ያ ሽታ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

የምታውቀው በጣቢያው ክሊኒክ አሥራ አንድ ዓመት ስለሠራች ነው። የገባችው ወለል ልትወለውል ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ደም አይታ እንደማትደነግጥ ሲገባው ፋሻ ማሰር አስተማራት። የባቡሩ እንፋሎት የላጣቸው፣ ከሰል ያቃጠላቸው ሠራተኞች ሁሉ በእጇ አልፈዋል። ፈረንሳይኛውንም እዚያው ለቀመችው፤ «ጠጣ»፣ «አይዞህ»፣ «የት ጋ ነው የሚያምህ» የሚል የቁስለኛ ፈረንሳይኛ ነው። ከዚያ የሚያልፍም ቢሆን ይገባታል፤ መናገሩ ነው የሚያስቸግራት።

ሙእሚን በክሊኒኩ ጓሮ በር ብቅ ያለው ባለፈው እሑድ በቀትር ነበር። የታችኛው አዋሽ ሰው ነው፤ ዛሬ ሰመራ የምትባለው ከተማ በቆመችበት፣ ያኔ ግን ከጥቁር ድንጋይና ከነፋስ በቀር ምንም ባልነበረበት ሜዳ ተወልዶ፣ በጎልማሳነቱ ወደዚህ የወጣ። ከአንድ ዓመት በፊት የሚስቱን እግር አክማለታለች። ያን ዕለት ጊሌ ጩቤውን ከወገቡ ሳይፈታ፣ ሰላምታውንም አሳጥሮ፣

«ዛሬ ጠዋት ከሰማይ የወደቀ ሰው ቤቴ አለ» አላት። «ተቃጥሏል። እንግዳዬ ነው፣ ቤቴ እንዲሞት አልፈልግም።»

እሷ ያን ጊዜ ጥቁር ለብሳ ነበር። ልጇ ከተማ ከተቀበረ ገና ሳምንቱ ነበር። ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በሎኮሞቲቩ ላይ ከሰል አቀጣጣይ ሆኖ ይሠራል። መጋቢት አሥራ አራት ቀን ጠዋት ሦስት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች መጥተው ወታደር የጫነውን ባቡር ጣቢያው ላይ እንዳለ በመትረየስ ደበደቡት። የውሃው ጋን ፈነዳ፤ እሷ ስትደርስ ያለቀ ነገር ነበር። የጣቢያው አዛዥ፣ የጣሊያኑ ማሬሻሎ፣ ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው ብሎ አውጆ ስለነበር ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠችም። አራት ሰው ተሸክሞት ሄደ፤ እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተከተለች፤ በማግስቱ ሥራ ገባች።

ለሙእሚን እሺ ያለችው ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቀውም። ቫዝሊኑንና ፋሻውን በቅርጫት ስትከት፣ አይሮፕላን ብዙ ነው፣ ሰማዩም ሰፊ ነው ብላ ለራሷ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ከሰማይ የወደቀው ልጅ ስሙ ኮሊን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማዕረጉ የመቶ አለቃ። በደረት ኪሱ ውስጥ በአማርኛና በአረብኛ የታተመ ወረቀት ተገኘ፤ «ይህን ወረቀት የያዘው ሰው የእናንተ ወዳጅ ነው፤ ውሃ ስጡት፤ ወደ ወገኖቹም አድርሱት» ይላል። ሙእሚን ሲነበብለት ተቀየመ።

«ይህን ያለ ወረቀት አላውቀውም?»

አገሩን ኒውዚላንድ አላቸው፤ አላወቁትም። የምድር መጨረሻ ላይ ያለ ደሴት ነው አለ፤ ዝናብ የማይጠፋበት፣ በግ ከሰው የሚበዛበት። ትምህርት ቤት የተማረው ፈረንሳይኛ ከእሷው የማይሻል ስለነበር ሁለቱ ደህና ይግባባሉ። በግ የሚለውን ስትተረጉምለት የሙእሚን ጆሮ ቆመ።

«አባቱ ስንት በግ አለው? ጠይቂልኝ።»

«ሦስት ሺህ ነው የሚለው።»

ሙእሚን ሰውየው በትኩሳቱ የሚቀባዥር መስሎት ደግማ እንድትጠይቅ አደረጋት። ያው ሦስት ሺህ ሆነ። ሙእሚንም፣ «ሦስት ሺህ በግ ያለው ሰው፣ ልጁን ምን ፍለጋ ወደ ሰማይ ይልካል?» አለ። አስረሳሽ ይህን አልተረጎመችውም።

ከቁልቁለቱ ወርደው ሜዳውን ሊያጋምሱ ሲሉ፣ ከግራር ጥላ ስር አምስት ሰዎች ተነሡ። ጠመንጃ ይዘዋል። ከፊት ያለው የጣሊያን ካኪ ኮት በሽርጡ ላይ ደርቧል። አስረሳሽ አወቀችው። አህመዲን ነው፤ የማሬሻሎው ባንዳ አለቃ። የሰሌኑን ጫፍ በቁስለኛው ፊት ላይ ሳበች።

«ሙእሚን፣ እንመለስ» አለች በሹክሹክታ።

«አይተውናል። ዝም በይ። እኔ ዳጉ አለብኝ።»

ዳጉ የአፋር ወግ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የሞተውን፣ የተወለደውን፣ ሁሉንም። ዳጉ የሚቀበል ሰው ሳያጓድል ይጠይቃል፤ የሚሰጥ ሰው ሳይዋሽ ይመልሳል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም አያምነውም፤ ሰውም አይባልም። አስረሳሽ ይህን በደንብ ታውቃለች፤ የፈራችውም ይህንኑ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች እጅ ተሳሳሙና ቁጢጥ አሉ። አህመዲን ጠየቀ፤ ሙእሚን መለሰ። ዝናብ የለም። የማን ግመል ወለደች፤ የማን አባት ታሞ ተነሣ። ንግግሩ በአፋርኛ ቢሆንም አስረሳሽ ከክሊኒኩ ሕመምተኞች የለመደችው ነውና ይገባታል። በመጨረሻ አህመዲን ዓይኑን ወደ ግመሏ አነሣ።

«ከሰሌኑ ስር ምን አለ?»

«ሰው አለ።»

«ምን ሆነ?»

«ተቃጥሏል። እግሩም ተሰብሯል።»

«ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው።»

«ከሰማይ የወደቀው ነው?»

«እሱው ነው» አለ ሙእሚን። «ሦስት ሌሊት ቤቴ አድሯል። ውሃዬን ጠጥቷል። እንግዳዬ ነው። ወደ እንግሊዝ ጦር እየወሰድኩት ነው። ያለኝ ዳጉ ይኸው ነው።»

ከአምስቱ አንደኛው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። አህመዲን በእጁ የያዘውን መፋቂያ አፉ ውስጥ ከቶ ጥርሱን ሲፍቅ፣ ሲፍቅ ቆየ፤ ተፍቶም ተነሣ።

«ማሬሻሎው ሲጠይቀኝ እኔም እነግረዋለሁ» አለ። «የምዋሽለት ነገር የለም።»

«ንገረው።»

«ዛሬ ግን ቸኩዬ አልሄድም። ፀሐዩ ከብዷል። ጥላው እስኪረዝም እዚሁ ግራር ስር ነኝ።» ከዚያም ወደ አስረሳሽ ዞሮ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ የልጅሽን ሰምቻለሁ። አላህ ያጥናሽ» አላት።

ወንዙን የተሻገሩት ከድልድዩ ርቀው፣ ገደሉ ዝቅ ብሎ ግመል በሚያስወርድበት ቦታ ነበር። በበጋ ውሃው ከግመሏ ጉልበት አያልፍም። ወዲያ ማዶ ሲወጡ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች፤ ልጁም ማቃሰት ጀምሮ ነበር። ሙእሚን ግመሏን ጥላ ስር አንበረከካት። አስረሳሽ የውሃውን ስልቻ አንሥታ ጎኑ ተቀመጠች፤ ፋሻው እንዳይጠብቀው ላላ አድርጋ አሰረችው። ሙእሚን ለእሷ የግመል ወተት ሲያቀርብላት በእጇ ከለከለችው። ጾም ነው። ጾምም ባይሆን አትጠጣውም፤ እሱም ያውቃል፣ ግን ሳያቀርብ አያልፍም።

«የምትሠሪው ጣቢያው ላይ ነው አይደል?» አላት ልጁ።

«አዎ። ብዙ አታውራ።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም አልተናገርኩም።» ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የዛሬ አሥር ቀን ባቡሩን ስንመታ ሦስት ነበርን። ሎኮሞቲቩ የእኔ ድርሻ ነበር። ዝቅ ብዬ ከፀሐይ በኩል መጣሁ። ሰዎቹ ሁሉ እየዘለሉ ሸሹ። አንድ ልጅ ግን አልሸሸም። ከሰሉ ክምር ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀና አውለበለበልኝ።»

አስረሳሽ የስልቻውን አፍ አሰረች።

«ይስቅ ነበር» አለ ልጁ። «እንደ ወዳጁ ነው ያየኝ። ሳየው ጣቴ መተኮሻው ላይ ነበረች። ልመልሳት አልቻልኩም። የማየው እሱን ብቻ ነው፤ እዚህ ስተኛም፣ ሲነጋም። አንቺ ጣቢያው ላይ ስለሆንሽ… ሞቶ ይሆን? ታውቂዋለሽ?»

የከተማን ሬሳ ስታነሣ ቆቡ በቀኝ እጁ ተጨብጦ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀችው። ሰው እሳት ላይ እያለ ቆቡን ለምን በእጁ ይይዛል ብላ አሥር ቀን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታለች። አሁን ገባት። ልጇ ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ከአይሮፕላን የተበተነ ወረቀት ደብቆ አምጥቶ፣ «እማዬ፣ እነዚህ እኮ የእኛ ናቸው! ጃንሆይ ናቸው ያመጧቸው!» ብሏት ነበር። ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል ብላ ተቆጥታዋለች።

ተነሣች። ስልቻውን እንደያዘች መራመድ ጀመረች። ሙእሚን ተከተላት።

«ምን አለሽ?»

ነገረችው። በአጭሩ ነው የነገረችው። ሙእሚን ወደ ግመሏ፣ ከዚያም ወደ መሬት አየ።

«እሱ የእኔ እንግዳ ነው» አለ። «ሟቹ ደግሞ ያንቺ ልጅ ነው። በእኛ ሕግ የደሙ ባለቤት አንቺ ነሽ። ተመለሺ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ብቻዬን አደርሰዋለሁ፣ አልቀየምሽም። እኔን ግን ተወው አትበይኝ።»

«አላልኩህም።»

«አላልሽም።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማሬሻሎው የከለከላት ለቅሶ፣ በነጠላዋ አፍና ይዛ የተከተለችው ለቅሶ፣ ሁሉም በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ወጣ። ደረቷን እየደቃች፣ «ከተማዬ! ከተማዬ! ለማን ነው ያውለበለብኸው ልጄ! ለማን ነው የሳቅኸው!» እያለች አለቀሰች። ሙእሚን ጀርባውን አዙሮ፣ በትሩን በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እስክትጨርስ ቆመላት።

ስትመለስ ልጁ ጭንቅላቱን ወደ እሷ ለማዞር እየታገለ ነበር። ለቅሶውን ሰምቷል። ቋንቋውን አያውቅም እንጂ ለቅሶ መሆኑ አይጠፋውም። ሰማያዊው ዓይኑ ፊቷ ላይ ተተክሎ ቀረ።

መዋሸት ትችል ነበር። አልሞተም፣ ዘሎ ወርዶ አመለጠ ብትለው ያምናታል። አፏን ስትከፍት ግን የመጣላት ሌላ ነው።

«ሞቷል» አለችው። «ልጄ ነው።»

ነገሩ ሲገባው ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም፤ የቀረው አንድ ዓይኑ ነውና እንባው በፋሻው ላይ ወረደ።

«ስሙ ማን ነው?»

«ከተማ።»

«ኬተማ።»

«ከ። ከተማ።»

ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው አገኘው። ይቅርታ የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛ አለ፤ አላገኘውም መሰለው፣ በራሱ ቋንቋም ደገመው። አስረሳሽ እሺም እምቢም አላለችም። ስልቻውን ፈታች፤ ጭንቅላቱን በግራ እጇ ቀና አደረገች።

«ጠጣ» አለችው።

ከሐዲዱ ጋር የተገናኙት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው፤ ዛሬ አዋሽ አርባ ከሚባለው ስፍራ ወዲህ። በስተምሥራቅ የካሚዮኖቹ አቧራ ከመሬት እስከ ሰማይ ቆሞ ይታያል። ሙእሚን አመልካች ጣቱን ወደዚያ ዘርግቶ «ደረስን፣ አልሃምዱሊላህ» አለ። ልጁ ግን ከዚያ በፊት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሰሌኑን ዘርግተው አወረዱት። አስረሳሽ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝንቡን በነጠላዋ ጫፍ ትከላከልለት ያዘች። ሙእሚን ወረቀቱን በእጁ ይዞ ወደ አቧራው ሮጠ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ እንደዚያ ሲሮጥ አይታው አታውቅም።

ልጁ ብዙ ተሰቃየ። እናቱን ጠራ፤ የውሻ ስም ይሁን የሰው የማታውቀውንም አንድ ስም ጠራ። አንድ ጊዜ ጥርት ባለ አነጋገር «ከተማ» አለ፤ አስረሳሽም «አቤት» አለች፣ ለምን እንዳለችው ሳታውቅ። ካሚዮኑ ሲቆም ገና ሙቀቱ አልወጣለትም ነበር። ትንፋሹ ግን የለም።

ሐኪሙ ሻምበል፣ ወፍራምና የደከመው ሰው፣ ተንበርክኮ የአንገቱን ሥር ዳሰሰ። ፋሻውን አገላብጦ አየ። ከኋላው በቆመው ወጣት አስተርጓሚ በኩል፣

«ይህን ፋሻ ያሰረው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔም ከዚህ የተሻለ ባላደረግሁ ነበር በላት» አለ ሐኪሙ፣ ቆቡን አውልቆ። ወታደሮቹ ከሐዲዱ ዳር ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ፤ ጦሩ ወንዙን ለመሻገር ስለቸኮለ ሬሳ ይዞ የሚያድር አልነበረም።

አስተርጓሚው ኃይለ ልዑል ይባላል። ለስደት ኬንያ ወርዶ ከጦሩ ጋር የተመለሰ የሸዋ ልጅ ነው። ከሙእሚን ጋር በካሚዮኑ ላይ አብሮ ሲመጣ ምን እንደተፈጠረ ጠይቆታል፤ ሙእሚንም የተጠየቀውን ሁሉ፣ አንድ ነገር ሳያስቀር ነግሮታል። ስለዚህ አሁን አስረሳሽን ቀጥ ብሎ ማየት አልቻለም። እርሳስና ወረቀት አውጥቶ አጠገቧ በርከክ አለ።

«እናቴ፣ ሻምበል ለልጁ እናት ደብዳቤ ይጽፋሉ። በመጨረሻው ሰዓት አብረውት የነበሩት እርስዎ ነዎት። የሚነግሯቸው ነገር ካለ…»

አስረሳሽ የሬሳውን አገጭ በፋሻ ቁራጭ እያሰረች ነበር። ቋጠሮውን አጠበቀች።

«ሳይጠማው ነው የሞተው በልልኝ» አለች። «ውሃ እስኪበቃው ጠጥቷል። ጭንቅላቱ መሬት ላይ አልነበረም፤ ጭኔ ላይ ነበር። ዝንብ አላረፈበትም። ሙእሚን የሚባል ሰው ቤቱን አፍርሶ አልጋ ሠርቶለታል፤ ይህንንም ጻፍ። ስለ አባቱ በጎች አጫውቶናል። እናቱንም ጠርቷታል።»

ኃይለ ልዑል ለሐኪሙ እየተረጎመ፣ ሐኪሙም እያዘዘው ጻፈ።

«አመመው ወይ ይላሉ፣ ሻምበል።»

«አላመመውም በል።»

«እናቴ…»

«አላመመውም በል አልኩህ። እንደ እንቅልፍ ነው የወሰደው።»

ጻፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ፣ ለሐኪሙ ሳይሆን ለእሷ ብቻ፣

«ስለ ባቡሩስ?» አላት።

አስረሳሽ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። ዘርግታ የልጁን ፊት ሸፈነችበት፤ ነፋሱ እንዳይገልጠውም ጫፍና ጫፉን በጠጠር አስያዘችው።

«ስለ የቱ ባቡር?» አለች።

ሐኪሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ጨርሳለች» አለ ኃይለ ልዑል፣ ወረቀቱንም አጥፎ ሰጠው።